ስንረዳ እንዳንጎዳ፦ ከስትሮክ በኋላ ስለሚመጣው የመገጣጠሚያና የአጥንት ሕመም

የስትሮክ ታማሚ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ቤተሰቡ የሚጠይቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜም አንድ ነው፤ «መቼ ይራመዳል?» የሚል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ጥያቄው ይለወጣል። «እግሩስ እየተሻለው ነው፤ ትከሻው ነው ያስቸገረን። ሌሊት አያስተኛውም፤ እጁን ስንነካው ይጮኻል። ይኼ ደግሞ ከምን መጣ?» ይሉኛል።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የበሽታው የማይቀር ዕጣ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። አንዱ «ብርድ መትቶት ነው» ይላል። ሌላው «ደሙ አልዘዋወር ብሎ ነው» ይላል። ሁለቱም ወዲያው ቅባት አንስተው ለማሸት ይዘጋጃሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የዚህ ሕመም ከፍተኛ ድርሻ የሚመጣው ታማሚውን ከምንይዝበት፣ ከምናስተኛበትና ከምናነሳበት መንገድ ነው። ስለዚህም በአብዛኛው መከላከል ይቻላል። ቀሪው ደግሞ ሌላ መንስዔ ያለው፣ ሐኪም ሊለየውና ሊያክመው የሚገባ ሕመም ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለታማሚውም ለአስታማሚውም ትልቅ ጥቅም አለው።

ለምን ቢባል፣ ሕመሙ ማሰቃየት ብቻ ሳይሆን ሌላም ነገር ይወስዳል። ከስትሮክ በኋላ ሰውነት በከፍተኛ ፍጥነት የሚያገግመው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው። ትከሻው የሚያመው ሰው እጁን ማንቀሳቀስ ይፈራል፤ እንቅልፍ ስለማያገኝ ቀን ይደክመዋል፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ሲመጣ ፊቱን ያዞራል። ያ የማገገሚያ ጊዜ በሕመም ምክንያት ሲያልፍ ማየት ከምንም በላይ ያሳዝናል።

ትከሻ ለምን ቀድሞ ይጎዳል?

ስትሮክ የሚደርሰው አንጎል ላይ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ፣ በዚያ ሥር ይመገብ የነበረው የአንጎል ክፍል ይጎዳል። እጅና እግር በራሳቸው ምንም አልሆኑም፤ የተቋረጠው ትዕዛዝ የሚልክላቸው ክፍል ነው። በመሆኑም በመጀመሪያው ቀን የታማሚው የትከሻ አጥንትም፣ ጅማትም፣ መገጣጠሚያም ከስትሮኩ በፊት እንደነበሩት ናቸው። የሚታመሙት ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢ ይህችን ነጥብ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

የዳሌን መገጣጠሚያ ብንመለከት የጭን አጥንት ራስ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ነው። የትከሻ ጉድጓድ ግን ጥልቀት የለውም። በሲኒ ማስቀመጫ ሳህን ላይ የተቀመጠ ብርቱካን ቢያስቡ ይቀርባል። ብርቱካኑን ከመውደቅ የሚያድነው ሳህኑ ሳይሆን ዙሪያውን ከብበው የያዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። እጃችንን ወደፈለግንበት አቅጣጫ ለማዞር የቻልነውም መገጣጠሚያው እንዲህ ልል ሆኖ በመሠራቱ ነው። ጡንቻዎቹ ሲዝሉ ግን መገጣጠሚያው ያለ ጠባቂ ይቀራል።

የአንድ ሰው ክንድ ከሰውነቱ ክብደት 5 በመቶ ያህሉን ይይዛል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3.5 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ክብደት ቀኑን ሙሉ ያለ ድጋፍ ቁልቁል ሲንጠለጠል የክንዱ አጥንት ከቦታው በከፊል ይንሸራተታል። ታማሚውን አስቀምጠው ትከሻውን ቢዳስሱ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያገኛሉ። ይህ መንሸራተት ሁልጊዜ ያማል ማለት አይደለም። ነገር ግን እንዲህ የላላ ትከሻ በትንሽ ጉተታ ይጎዳል።

ሌላም ችግር አለ። እጃችንን ከጎናችን አንስተን ከጭንቅላታችን በላይ ስናደርስ 180 ዲግሪ ያህል ይጓዛል። ከዚህ ውስጥ 120 ዲግሪ ያህሉ ከትከሻ መገጣጠሚያው የሚገኝ ሲሆን፣ 60 ያህሉ የሚገኘው ከጀርባ በኩል ያለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት አብሮ በመዞሩ ነው። ስትሮክ በመታው ጎን ይህ ጠፍጣፋ አጥንት በራሱ አይዞርም። እጁን ይዘን ወደ ላይ ስንስበው የክንዱ አጥንት ይወጣል፤ ጠፍጣፋው አጥንት ግን አይከተለውም። ያን ጊዜ በመካከል ያሉት ጅማቶች በሁለት አጥንቶች መካከል ይጨፈለቃሉ። አንድ ጊዜ ቢሆን ምናልባት ይድን ይሆናል። በቀን ሦስት ጊዜ «ስፖርት እናሠራው» እየተባለ ሲደጋገም ግን ጅማቱ ይቆስላል፣ ያብጣል፣ ይቀደዳል።

ጉዳቱ ከክፋት አይመጣም

በእኛ ባህል የታመመን መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው። ጠያቂ ሲመጣ ታማሚው ለአክብሮት ከትራሱ ቀና ለማለት ይሞክራል። ጠያቂውም «ኧረ በእግዜር፣ ይተው!» እያለ የታመመውን እጅ ጨብጦ ወደ ራሱ ይስባል። በአንድ ቅዳሜና እሁድ 20 እና 30 ሰው ቢመጣ ያ የላላ ትከሻ ስንት ጊዜ እንደተጎተተ ማስላት አያዳግትም።

ታማሚውን ታክሲ ውስጥ ስናስገባም እንደዚሁ ነው። ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይቆሙና በብብቱ ሥር እጃቸውን አስገብተው ሽቅብ ያነሱታል። የሰውዬው ሙሉ ክብደት በትከሻው ላይ ይንጠለጠላል። አልጋ ላይ ወደ ትራሱ ከፍ ልናደርገው ስንፈልግ ክንዱን ይዘን እንስባለን። ስናለብሰው የደከመውን እጅ ከኋላ ጠምዝዘን እጅጌ ውስጥ እንከታለን። ይህ ሁሉ የሚሆነው በቸልተኝነት አይደለም፤ ከፍቅርና ከመሯሯጥ የተነሳ ነው። ማንም ቀድሞ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው።

በበር መቃን ላይ ወይም በጣራ ማገር ላይ ገመድ አስሮ፣ በጤነኛው እጅ እየሳቡ የታመመውን ወደ ላይ ማንሳትም በብዙ ቤት የሚታይ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የአካል ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት 28 የስትሮክ ታማሚዎችን በሦስት ከፍሎ ተመልክቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ባለሙያ በእጁ እየደገፈ ያንቀሳቅሳቸዋል። ሁለተኛዎቹ እጃቸውን ጎማ ባለው ሰሌዳ ላይ አድርገው ይገፋሉ። ሦስተኛዎቹ ከላይ በተንጠለጠለ ገመድ እጃቸውን ይስባሉ። ሕመም የያዛቸው ከመጀመሪያዎቹ 8 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 12 በመቶ ሲሆኑ ከገመድ ሳቢዎቹ ግን 62 በመቶ ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበርና የአሜሪካ የስትሮክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት የማገገሚያ መመሪያም ይህን ከላይ የሚሳብ ገመድ እንዳይጠቀሙ መክረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1994 በጀርመን ባለሙያዎች የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ተስፋ ይሰጣል። ከትከሻ ጀምሮ እስከ እጅ መዳፍ የሚያሳብጥና የሚያሳምም አንድ ችግር ከ132 ታማሚዎች 27 በመቶውን ይዟቸው ነበር። ታማሚዎቹን የሚነኩ ሰዎች ሁሉ የትከሻ ጉዳት እንዳያደርሱ ከመጀመሪያው ጥንቃቄ ሲደረግ ግን ቁጥሩ ወደ 8 በመቶ ወረደ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም። የተለወጠው አያያዝ ነው።

እንግዲህ እንዴት ይያዝ?

የመጀመሪያው ሕግ አጭር ነው፤ የደከመውን እጅ መጎተት ክልክል ነው። ከብብት ሥር ይዞ ማንሳትም እንደዚያው። ታማሚውን ከወንበር ለማስነሳት በመጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጫፍ ቀረብ እንዲል፣ እግሮቹን ወደ ኋላ ሰብስቦ መሬት እንዲረግጥና ከወገቡ ወደ ፊት ዘንበል እንዲል ያድርጉ። ከዚያ በወገቡ ላይ በታሰረ ሰፊ ቀበቶ ወይም ተጠቅልሎ ጥብቅ ባለ ነጠላ ይዘው ይደግፉት። ቀበቶ ከሌለ ከጀርባው በኩል የትከሻውን ጠፍጣፋ አጥንት በመዳፍ ይደግፉ እንጂ ክንዱን አይያዙ። አልጋ ላይ ከፍ ለማድረግ ደግሞ ከሥሩ አንሶላ አንጥፎ ሁለት ሰው አንሶላውን ቢስብ ይሻላል።

ሁለተኛው አቀማመጥ ነው። ሲቀመጥ የደከመው ክንድ በአየር ላይ መንጠልጠል የለበትም። ጭኑ ላይ ወፍራም ትራስ አስቀምጦ ክርኑና መዳፉ እንዲያርፉበት ማድረግ በቂ ነው፤ ጠረጴዛ ከተገኘ ጠረጴዛው ላይ። በጤነኛው ጎኑ ሲተኛ የደከመው ክንድ ከፊቱ በተቀመጠ ትራስ ላይ ተዘርግቶ ይረፍ። በደከመው ጎኑ መተኛትም አልተከለከለም፤ ነገር ግን ትከሻው ከሥሩ እንዳይታጠፍ ወደ ፊት መውጣት አለበት። በጀርባው ሲተኛ ከትከሻው ሥር አነስ ያለ ትራስ ያስፈልገዋል። በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ መገልበጡ ለትከሻውም፣ ለቆዳውም ይጠቅማል።

ሦስተኛው አለባበስ ነው። ሲለብስ የታመመው እጅ ይቀድማል፤ ሲያወልቅ የታመመው መጨረሻ ይወጣል። ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ በጭንቅላት ከሚጠለቅ ሹራብ ይሻላል።

አራተኛው እንቅስቃሴ ነው። «አታንቀሳቅሱት» ማለቴ አይደለም። ጨርሶ ያልተንቀሳቀሰ ትከሻ ይደርቃል። ለቤተሰብ የምመክረው ክንዱን ከክርኑም ከእጅ አንጓውም ደግፎ፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ በዝግታ እስከ ትከሻው ትክክል ብቻ ማንሳት ነው። ከዚያ በላይ የሚደረገው ባለሙያ ጠፍጣፋውን አጥንት በእጁ እያዞረ ሲያሠራው ነው። ታማሚው ፊቱን ከጨማደደ እዚያው ይቁም። «ካላመመ አይድንም» የሚባለው ለዚህ ትከሻ አይሠራም።

በአንገት የሚንጠለጠለውን የእጅ ማንጠልጠያ በተመለከተ፣ ሲቆምና ሲራመድ ክንዱን ለመደገፍ ይጠቅማል። ቀኑን ሙሉ ማድረግ ግን ክርኑ ታጥፎ እንዲቀርና ታማሚው እጁን እንዲረሳ ያደርጋል። ተቀምጦ ሳለ ትራሱ ይበቃል።

ለጠያቂዎችም መላ አለ። ታማሚው የተኛበትን ቦታ ጠያቂ በጤነኛው እጁ በኩል እንዲመጣ አድርጎ ማመቻቸት፣ አለበለዚያም በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ «በግራ እጃቸው ጨብጧቸው» ብሎ መንገር። መጀመሪያ ያሳፍራል፤ በሁለተኛው ቀን ይለመዳል።

የዛለው ሲወጠር

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በብዙ ታማሚዎች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የዛለው ጡንቻ አሁን ከሚገባው በላይ ይወጠራል። ክንዱ ወደ ደረት ይጠጋል፣ ክርኑ ይታጠፋል፣ ጣቶቹ ይጨበጣሉ። ባለሙያዎች ስፓስቲሲቲ ይሉታል። ቤተሰብ «እጁ ጉልበት አገኘ» ብሎ ደስ ይለዋል። በእርግጥ ከነርቩ መመለስ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ ነገር ግን ያለማቋረጥ የተወጠረ ጡንቻ መገጣጠሚያውን ይስባል፣ የትከሻው ዙሪያ ይደርቃል፣ ሕመሙም ሌላ መልክ ይይዛል። በዚህ ጊዜ የተጨበጡ ጣቶችን በኃይል መፈልቀቅ አይገባም። አንጓውን መጀመሪያ ወደ ታች ቢያጥፉት ጣቶቹ በራሳቸው ይለሰልሳሉ፤ ከዚያ አውራ ጣትን ከሥሩ ይዞ በዝግታ መክፈት ይቻላል። ውጥረቱ ከበረታ ሐኪም የሚያዝዛቸው እንደ ባክሎፈን ያሉ መድኃኒቶችና ጡንቻውን የሚያላላ የቦቱሊነም መርፌ አሉ።

እጁ ካበጠ፣ ቆዳው ካብረቀረቀና ከቀላ፣ ጣቶቹን ሲያጥፉ የሚያቃጥል ሕመም ካለ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የትከሻና የእጅ ችግር ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለሐኪም መታየት አለበት። በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል፤ ከቆየ ግን እጁ እንደደረቀ ሊቀር ይችላል።

እግርና አጥንት

ትከሻ ብዙ ቢወራለትም እግርም የራሱ ጣጣ አለው። የጭኑ ጡንቻ የደከመ ሰው እንዳይወድቅ ጉልበቱን ወደ ኋላ ቆልፎ ይቆማል። በየእርምጃው ጉልበቱ ወደ ኋላ ሲገፋ ከኋላ ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ። እግሩ መሬት ለመሬት ስለሚጎተት ዳሌውን ሽቅብ አንስቶ ያዞረዋል፤ ወገቡ ይታመማል። ጤነኛው ጎን ደግሞ ለሁለት ይሠራል። ቀድሞ የጉልበት መገጣጠሚያ መሸርሸር የነበረበት ሰው ያ ጉልበቱ አሁን ይብስበታል። ለዚህ መድኃኒቱ ቁመቱ የተስተካከለ ምርኩዝ፣ የማያዳልጥ ተረከዙ የተያዘ ጫማ፣ እግሩ የሚንጠለጠልበት ከሆነም የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ነው። ምርኩዙ የሚያዘው በጤነኛው እጅ መሆኑን ልብ ይበሉ። ቁመቱም ቀጥ ብሎ ሲቆም እስከ እጅ አንጓው መታጠፊያ የሚደርስ መሆን አለበት።

አጥንትም ይሳሳል። አጥንት ክብደት ሲሸከምና ጡንቻ ሲስበው ራሱን ያጠነክራል፤ ሥራ ሲፈታ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት የስትሮክ ታማሚዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። ከተሽከርካሪ ወንበር ያልተነሱት ታማሚዎች በደከመው ጎናቸው ካለው የጭን አጥንት አንገት 10 በመቶ ያህል ጥግግት ሲያጡ፣ ከመጀመሪያው መራመድ ይችሉ የነበሩት ያጡት 3 በመቶ ያህል ነው። ስትሮክ የያዘው ሰው ሲወድቅ ደግሞ በብዛት የሚወድቀው በደከመው ጎኑ ነው፤ በሳሳው አጥንት ላይ ማለት ነው። የዳሌ ስብራት በስትሮክ ታማሚዎች ላይ በዕድሜ እኩዮቻቸው ላይ ከሚደርሰው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ የሚደርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ተደግፎም ቢሆን መቆም ለአጥንት መድኃኒት ነው። «መቼ ይጀመር?» ለሚለው ግን ሐኪሙ ይወስን። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታወቀ፣ ከ2,000 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ታማሚን ደጋግሞ ማስነሳት ውጤቱን እንደሚያባብስ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ግን የአልጋ ጊዜ አይደለም።

ቤትን ማስተካከልም አለ። የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሳ። ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑረው። ለተወሰኑ ወራት ዱካና ዝቅ ያለ ሶፋ ቀርቶ ከፍ ያለና ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ይዘጋጅ። ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ከሆነ መቀመጫ ያለው ወንበር ከላዩ ማስቀመጥ ይቻላል።

ሁሉም ሕመም ከመገጣጠሚያ አይመጣም

እስካሁን ያነሳሁት ከአያያዝና ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዘውን ነው። ሌሎችም አሉ፤ መለያቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛው ከአንጎሉ የሚመጣ ሕመም ነው። የፈረንሳይ ሐኪሞች ደዠሪንና ሩሲ እ.ኤ.አ. በ1906 ገልጸውታል። ስሜትን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ፣ ምንም ያልሆነ ክንድ ወይም እግር ያቃጥላል፣ ይወጋል። የአንሶላ ንክኪ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ያሳምማል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስትሮኩ ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ነው። ይህን ማሸትም ሆነ ተራ ማስታገሻ አይነካውም። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ በነርቭ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶችን ሐኪም ያዝዝለታል።

ሁለተኛው ሪህ ነው። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ በዝቅተኛ መጠን የሚወሰደው አስፕሪንም ጭምር፣ በደም ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። በአንድ ሌሊት የእግር አውራ ጣት ወይም ጉልበት ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ከተነሳ ይህ ይጠረጠራል። መድኃኒቱን ግን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም፤ ሌላ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላልና። የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም አንዳንዴ የጡንቻ ሕመም ስለሚያመጡ ለሐኪሙ መንገር ነው።

ሦስተኛው በጣም አደገኛው ነው። የደከመው እግር ባት በድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ካመመ በእግር ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ይህን እግር ማሸት ፈጽሞ አይገባም፤ የረጋው ደም ተነስቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰድ። ትንፋሽ ካጠረውና ደረቱን ከወጋው ደግሞ ደቂቃም አይባክን። ከመውደቅ በኋላ እግሩ ያጠረ ወይም ወደ ውጭ የዞረ ከመሰለና መርገጥ ካቃተው እንደ ስብራት ይቆጠር። ትኩሳት ያለው ያበጠ መገጣጠሚያም ለነገ አይባልም።

ማስታገሻ፣ ሙቀትና እሽት

ሕመም ሲበረታ ብዙ ሰው ወደ ፋርማሲ ሄዶ ዳይክሎፌናክ ይገዛል፤ አንዳንዱም መርፌውን ያስወጋል። ስትሮክ ለያዘው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እነ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የደም ግፊት ይጨምራሉ፤ ጨጓራ ያደማሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 እነዚህ መድኃኒቶች የልብ ድካምና ስትሮክ ሊያመጡ እንደሚችሉ፣ አደጋውም ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊጀምር እንደሚችል የሚገልጸውን ማስጠንቀቂያ አጠናክሯል። አይቡፕሮፌን በተጨማሪ አስፕሪን የሚሰጠውን ጥበቃ ሊያሰናክል ይችላል። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋው ይብሳል። ፓራሲታሞል በተገቢው መጠን ብዙውን ጊዜ የተሻለ ጅማሬ ነው። ሌላው ሁሉ የታማሚውን ሙሉ የመድኃኒት ዝርዝር ካየ ሐኪም ጋር ተመክሮበት ይሁን።

ሙቅ ውኃ በጎማ ወይም በጠርሙስ አድርጎ ማስቀመጥ ያሳርፋል። ነገር ግን የደከመው ጎን ስሜቱም ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ ቆዳው ሲቃጠል ታማሚው አያውቀውም። ሙቀቱን አስታማሚው በራሱ ክንድ ይለካው፣ በፎጣ ይጠቅልለው፣ ከ15 ደቂቃ በላይም አያቆየው።

ስለ ወጌሻ መጠየቄ አይቀርም። ወጌሻዎች በዚህ አገር ለረጅም ዘመን ሰው የረዱ ናቸው፤ ልናቃልላቸው አይገባም። ይሁንና ስትሮክ የያዘው ሰው ትከሻ የወለቀው በመውደቅ አይደለም። ጡንቻው ስለዛለ ነው። ቢስቡትና «ቢመልሱት» የሚይዘው ጡንቻ ስለሌለ ተመልሶ ይወርዳል፤ በመካከሉ ግን ጅማቱ ይጎዳል። ለስላሳ፣ ሕመም የሌለው ዳበሳ በቅቤም ሆነ በቅባት ጉዳት የለውም፤ ለታማሚውም መንፈስ ደስ ይላል። መሳብ፣ ማጠማዘዝና በኃይል ማሸት ግን ይቅር።

መናገር ለማይችለው

ስትሮክ የቀኝ ጎናቸውን ከያዛቸው ታማሚዎች ብዙዎቹ ንግግራቸው አብሮ ይጎዳል። «አመመኝ» ማለት አይችሉም። አንዳንዶቹ «አዎ»ን ለማለት ፈልገው «አይ» ይላሉ። ስለዚህ አስታማሚ ፊትን ማንበብ አለበት። ሲያለብሱት ፊቱን የሚያጨማድድ፣ ምግብ የሚያሽሽ፣ ሌሊት የሚገላበጥ፣ ፊዚዮቴራፒስቱን ሲያይ የሚቆጣ ታማሚ «ተነጫናጭ ሆነ» ከመባሉ በፊት የሚያመው ቦታ ይፈለግ። ከእነዚህ ባሕርያት ጀርባ የታመመ ትከሻ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ። የማያቋርጥ ሕመም ደግሞ ከድብርት ጋር ይጎዳኛል፤ አንዱ ሌላውን ያባብሳል፤ ሁለቱም ሕክምና አላቸው።

በአገራችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቁጥር ከታማሚው ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ባለሙያ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያገኘ ታማሚ ዕድለኛ ነው። በቀሩት 165 ሰዓታት እጁ ያለው በሚስት፣ በልጅ፣ በእህትና በቤት ሠራተኛ ዘንድ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን ወይም ነርሷን ሦስት ነገር አስጠይቁ፤ እንዴት እናስተኛው? እንዴት እናንሳው? እጁን እስከ የት እናንቀሳቅስ? መልሱን በቃል ብቻ አትቀበሉ፤ በፊታችሁ ተደርጎ ይታያችሁ፣ ከዚያም እናንተ አድርጋችሁ አሳዩ። በቤት ውስጥ ታማሚውን የሚነካ ሰው ሁሉ፣ የቤት ሠራተኛዋም፣ ቅዳሜ የሚመጣው አጎትም፣ ይህንኑ ይማር። አንድ ሰው ብቻ ሳያውቅ ከቀረ ሌላው ሲጠነቀቅ የሰነበተበትን ትከሻ በአንድ ጉተታ ሊጎዳው ይችላል።

ቸር ይግጠመን።